ቅቤው ሲወጣ ምን ገባ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚገባ ሰው ግራ ቀኙን የሚያየው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ኑግና የወተት ላም ነው። ለልብ የሚስማማውም የማይስማማውም ምግብ በዚሁ በአንድ መንገድ ላይ ይበቅላል። ቀጥሎ ያለው ምልልስ አምቦ ውስጥ ምግብ ቤት ባላት አክስትና ጊንጪ በሚሠራ ጤና መኮንን የእህቷ ልጅ መካከል እንደተደረገ አድርጌ ያቀረብኩት ነው። ተናጋሪዎቹ የታሰቡ ናቸው፤ የሚጠቅሷቸው ጥናቶችና ቁጥሮች ግን እውነተኛ ናቸው። በዚህ መልክ መጻፍን የመረጥኩት የወፍራም ሰው የልብ ጤና አብዛኛው የሚወሰነው ማድ ቤት ውስጥ ስለሆነ ነው፤ የማድ ቤቱን ነገር ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ ሴትዮዋ ታውቃለች።

አክስት፦ እንኳን መጣህ ልጄ። ቡናው እስኪፈላ ይህን ወረቀት እይልኝ። ከፍልሰታ ወዲህ ቅቤ በአፌ አልዞረም። «ውፍረትሽ ልብሽን እየጎዳው ነው፣ ስብ አቁሚ» አሉኝ፣ አቆምኩ። አሁን ስመረመር ኮሌስትሮሉ ያው ነው፤ ሌላኛው ቅባት ጭራሽ ብሶበታል።

ጤና መኮንን፦ እስቲ። አዎ፣ የጨመረው ትራይግሊሰራይድ ነው። ሚዛንዎስ?

አክስት፦ መጀመሪያ ቀነስ ብሎ ነበር፣ ተመልሶ መጣ። እኔ እኮ ተስፋ ቆርጫለሁ። ቅቤ የማትበላ ሴት ኮሌስትሮል ከየት ነው የሚመጣባት?

ጤና መኮንን፦ እቴቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅቤው ሲወጣ በቦታው ምን ገባ?

አክስት፦ ምን ይገባል? ጠዋት ዳቦ በሻይ ነው። ምሳ ፓስታ ወይም ሩዝ በስጎ፣ ማታ ድንች ጥብስ። እንጀራ ሲያምረኝ ወጡን በዘይት ይሠሩልኛል።

ጤና መኮንን፦ ሻዩ በስኳር ነው?

አክስት፦ ሻይ ያለ ስኳር ምን ሊረባ!

ጤና መኮንን፦ ዘይቱስ የትኛው ነው?

አክስት፦ ከሸማቾች የምናመጣው ነዋ። ማለዳ ማለዳ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ የምናገኘው፣ ፀሐይ ላይ አውጥተን የምናቀልጠው።

ጤና መኮንን፦ በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አቁሚ ያለዎት ሰው በምን እንደሚተኩት አልነገረዎትም። የሰው ሆድ ደግሞ ባዶ ቦታ አይተውም፤ አንድ ነገር ከገበታ ሲወጣ ሌላ ይገባል። ቅቤ ከግማሽ በላዩ የረጋ ስብ ነው። ያ የሚረጋው ዘይት ፓልም ይባላል፤ እሱም ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። ከቅቤ ሸሽተው የቅቤ ዘመድ ቤት ነው የገቡት።

አክስት፦ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ? ከተክል የመጣ ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም ብለው በቆርቆሮው ላይ ይጽፉበታል።

ጤና መኮንን፦ የጻፉት ውሸት አይደለም። ግን ደም ውስጥ የሚገኘውን ኮሌስትሮል ይበልጥ የሚወስነው ከምግብ ጋር የምንውጠው ኮሌስትሮል ሳይሆን የምንበላው የስብ ዓይነት ነው። ጉበታችን ኤል ዲ ኤል የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት። የረጋ ስብ ሲበዛ ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ፤ ኤል ዲ ኤሉ ደም ውስጥ ሲመላለስ ይቆይና ቀስ በቀስ የልብ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተከማችቶ ሥሩን ያጠብበዋል፤ አንድ ቀን ክምችቱ ሲቀደድ ደም ይረጋበትና ሥሩ ይዘጋል። ድንገት ደረቴን ብሎ ወደቀ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። እንደ ኑግ ዘይት ያለው የማይረጋ ስብ ደግሞ ጉበቱ ኤል ዲ ኤል እንዲለቅም ያግዘዋል።

አክስት፦ ዳቦውና ስኳሩስ? እነሱ ስብ የለባቸውም።

ጤና መኮንን፦ የእርስዎን ወረቀት ያበላሹት እኮ በተለይ እነሱ ናቸው። ቦርጭ ያለው ሰው ሰውነቱ ለኢንሱሊን ቶሎ አይታዘዝም። ነጭ ዳቦና ስኳር ሲገባ ጉበት የተረፈውን ወደ ስብ ይለውጥና ትራይግሊሰራይድ አድርጎ ወደ ደም ይመልሰዋል። ጥሩው ኮሌስትሮልም በዚያው ይቀንሳል። ቀጭን ገበሬ ይህን ያህል ዳቦ በልቶ አርሶበት ይጨርሰዋል፤ እኔና እርስዎ ግን ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ነን። ለዚህ ነው ወፍራም ሰው «ስብ ብቻ ቀንስ» ሲባል የማይጠቀመው።

አክስት፦ ይህን አንተ ነህ የምትለው ወይስ የተጠና ነው?

ጤና መኮንን፦ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ127 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ነርሶችንና የጤና ባለሙያዎችን ከ24 እስከ 30 ዓመት ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። የጠየቁት እኔ እርስዎን የጠየቅሁትን ነው፤ የረጋ ስብ ሲቀነስ በምን ተተካ? ከዕለት ምግባቸው ጉልበት 5 በመቶውን ከረጋ ስብ ወደ ኑግ፣ ሱፍና አኩሪ አተር ዓይነት ዘይት ያዞሩት የልብ ደም ሥር በሽታ ዕድላቸው በ25 በመቶ ያነሰ ነበር። ባልተፈተገ እህል የተኩት በ9 በመቶ። በነጭ ዱቄትና በስኳር የተኩት ግን ምንም አላተረፉም። እርግጥ ክትትል ነው፤ ሰዎቹን በዕጣ ከፍለው ይህን ብሉ፣ ያን ብሉ አላሏቸውም። ነገር ግን ዘይት በዕጣ እየተከፈለ ከተሞከረባቸው ሌሎች ጥናቶችም በርካቶቹ ወደዚሁ ያመለክታሉ።

አክስት፦ ኑግ አልክ። ኑግ ዘይትማ እናቴ ቤት ስንት ጊዜ ሠርተነዋል! ኑጉን እንቆላለን፣ በሙቀጫ እንወቅጣለን፣ ፍል ውሃ እየጨመርን ስናማስለው ዘይቱ ከላይ ይሰፍፋል። እሱን በጭልፋ ቀስ አድርጎ መቅለብ ነው። ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። ያንን ዘይት ረግቶ አይቼው አላውቅም፣ ኅዳር ብርድ ላይም።

ጤና መኮንን፦ አይረጋም። በአገራችን ኑግ ዘይት ውስጥ ከስቡ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የማይረጋ ስብ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሆለታው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የወተት ላምም ይመራመራል፣ ኑግና ተልባም ይመራመራል። እኛ ግን ከሆለታ ቅቤውን ብቻ ነው የምናውቀው።

አክስት፦ ዋጋውን ግን አትርሳ። አንተ ደመወዝተኛ ነህ፤ እኔ ለሰማንያ ሰው ወጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ያ የሚረጋው ዘይት የመጣው ርካሽ ስለሆነ ነው። መንግሥት አስመጥቶ በሸማቾች ባያከፋፍለው ስንቱ ቤት ያለ ዘይት ይቀር ነበር። ኑግ በወጥ ሁሉ ልጨምር ብል ሽሮዬን ማን ይገዛኛል?

ጤና መኮንን፦ ይህን ይዤ አልከራከርዎትም። ለደሃ ቤት የተገኘው ዘይት ምንም ከማጣት ይሻላል። ሐኪም ዋጋ ሳይጠይቅ ሲመክር ምክሩ ከበር አይወጣም። ግን ስንት ዘይት እንደሚያስገቡ ያውቃሉ? እኔ ማድ ቤትዎ ገብቼ አይቻለሁ። ሽንኩርቱ ገና ሳይቁላላ ዘይቱ ድስቱን ይሞላዋል፤ ሽሮው ሲወጣም ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ነው።

አክስት፦ ካልተንሳፈፈ ደንበኛ «ዛሬ ቆጠባችሁ» ይላል።

ጤና መኮንን፦ ዓይን የለመደው ነገር ነው። እናትዎ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አልነበር የሚያቁላሉት?

አክስት፦ በደረቁ ነዋ! በራሱ ውሃ። ቡናማ እስኪመስል እያማሰለች፣ ሊይዝባት ሲል ጠብ የምታደርገው ውሃ ነው። ዘይቱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነበር፣ ለማጣፈጫ። ያኔ ዘይት ውድ ስለነበር ነው እንጂ ስለ ልብ አስበን አይደለም።

ጤና መኮንን፦ ዋጋው እዚያው ላይ ይመለሳል። የዘይቱን መጠን በግማሽ ቢቀንሱት ኑግ የመግዣው ይወጣዎታል። ልብ ይበሉልኝ፣ ኑግ ዘይትም ቢሆን ዘይት ነው፤ አንድ ግራሙ 9 ካሎሪ አለው፣ ከቅቤው አያንስም። በላዩ ላይ ቢጨምሩት ያወፍራል። መተካት ነው እንጂ መደረብ አይደለም። ደግሞ ድንቹን ለመጥበስ አይመላልሱበት።

አክስት፦ የድንቹን ዘይትማ እስኪጠቁር ነው የምንጠቀምበት። ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው።

ጤና መኮንን፦ እሱ ከሁሉ የከፋው ነው። የማይረጋ ስብ ደጋግሞ ሲግል ቶሎ ይበላሻል። ኑጉ ለወጥና ለአትክልት ይሁን። ጥብሱን ይቀንሱት፣ ዘይቱንም አያመላልሱት።

አክስት፦ እሺ ይሁን። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። አያትህ ቅቤ እየጠጡ ነው ዘጠና ያለፉት። ጭኮ፣ ጩምቦ፣ ማርቃ መሐሉ እንደ ኩሬ ቅቤ ሞልቶት፣ ቡና ቀላው ሳይቀር በቅቤ ነው። ልባቸውን አሞኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ቅቤ ምን አደረገ?

ጤና መኮንን፦ ይህን ጥያቄ ጊንጪም በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲህ ይዩት። አያቴ ያንን ጭኮ የሚበሉት መቼ ነበር?

አክስት፦ ለበዓል፣ ለእንግዳ፣ መንገድ ሲሄዱ ስንቅ። ወላድ ሲኖር።

ጤና መኮንን፦ የቀረው ቅቤስ?

አክስት፦ ይሸጣል። ጨው፣ ልብስ፣ የግብር ብር የሚመጣው ከእሱ ነበር። እናቴ በቅል ይዛ ጉደር ገበያ ትወርድ ነበር።

ጤና መኮንን፦ ስለዚህ ቅቤው አብዛኛው የገበያ ነበር። አያቴ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ነበሩ፣ ወገባቸው እንደ ጎረምሳ ነበር፣ በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን ይጾሙ ነበር፣ የቀረውን ቀን የሚበሉት ገብስ፣ ጤፍና ባቄላ ነበር። ዛሬ ቦርጭ ይዞ፣ ከባጃጅ የማይወርድ፣ ቁርጡን በሳምንት ሦስቴ የሚበላ ሰው የአያቴን ቅቤ ለራሱ ማስረጃ ማድረግ አይችልም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ በዚያ ዘመን ስንቱ በሃምሳ ዓመቱ ድንገት ሲሞት ምን ገደለው ብሎ የመረመረ ማን ነበር? ዘጠና የደረሱትን እናስታውሳለን፣ ያልደረሱት ተረስተዋል።

አክስት፦ ልክ ነህ። የአባቴ ወንድም እርሻ ላይ እያለ ነው የወደቀው። «ምች መታው» ተባለ።

ጤና መኮንን፦ ነፍስ ይማር። ስለ ቅቤ አገር ከተነሳ ግን የፊንላንድን ልንገርዎት። እዚያ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል ክፍለ አገር አለ። ልክ እንደኛ የላም፣ የወተትና የቅቤ አገር ነው። ዳቦው በቅቤ፣ ወጡ በቅቤ፣ ወተቱ ከነስቡ። በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የዚያ አገር ወንዶች በልብ በሽታ በመሞት ከዓለም ፊት ከሚሰለፉት ነበሩ፤ ጎልማሶች ነበሩ የሚሞቱት። ሕዝቡ ራሱ መንግሥትን መፍትሔ አምጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፔካ ፑስካ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ሐኪም ሥራውን ተረከበ።

አክስት፦ ላሞቻቸውን አስሸጣቸው?

ጤና መኮንን፦ የለም። ወደ ማድ ቤት ነው የሄደው። የባልትና ማኅበር ያላቸው የገጠር ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ሆኖ የለመዱትን ወጥ ስቡንና ጨውን ቀንሰው፣ አትክልት ጨምረው እንዲሠሩ አደረገ። ቅቤው ቀስ በቀስ በጎመንዘር ዓይነት ዘይት ተተካ፤ ብርዱን ችሎ በአገራቸው የሚበቅል ነው። የወተት ገበሬው መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ እንጀራው ነውና። ዞሮ ዞሮ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከ35 እስከ 64 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ በልብ ደም ሥር በሽታ የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሲጋራ መቀነሱም የግፊት ሕክምናውም ድርሻ ነበራቸው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የኮሌስትሮል መውረድ እንደነበር ነው ያሰሉት።

አክስት፦ ሴቶቹ ናቸው ያዳኑት በለኛ።

ጤና መኮንን፦ እኔ እንደዚያ ነው የምለው። ምዕራብ ሸዋም ያለው እድል እሱ ነው። እኛ ዘይቱን ከውጭ ማምጣት እንኳ አያስፈልገንም፤ ኑጉ ደጃችን ላይ ነው የሚያብበው።

አክስት፦ እኔስ ስለ ጾሙ ነው የምጠይቅህ። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ አንድም አይቀረኝም። ያ ሁሉ ጾም ለምን አልረዳኝም?

ጤና መኮንን፦ ጾሙ መርዳት የሚችል ነበር። የግሪክ ደሴት በሆነችው በቀርጤስ የኦርቶዶክስ ጿሚዎች ተጠንተው ነበር፤ በጾም ወቅት ኮሌስትሮላቸው፣ በተለይ ኤል ዲ ኤሉ ቀንሶ ታይቷል። የኛ የድሮ የጾም ገበታ ደግሞ ከእነሱ አያንስም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ ተልባ፣ ንፍሮ። አሁን ግን እርስዎ ቤት ጿሚ ምን ያዝዛል?

አክስት፦ ፓስታ በአትክልት፣ ድንች ጥብስ። ጠዋት ፓስቲና ቦምቦሊኖ ከስኳር ሻይ ጋር። ወጣቱ ከምሳ ጋር ለስላሳ ይላል።

ጤና መኮንን፦ ያ ከእንስሳ ተዋጽኦ መራቅ ነው፤ ለልብ የሚሆነው ጾም ግን አይደለም። ነጭ ዱቄት፣ የሚረጋ ዘይት፣ ስኳር። ለነፍሱ የሚሆነውን አባቶች ይናገሩ፤ ለደም ሥሩ ከፍስኩ ብዙም አይሻልም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቁርጡ በአንድ ሳምንት ይደራረባል። እዚህ አካባቢ ፕሮቴስታንቱም ብዙ ነው፤ እሱን ጹም አልለውም። ሽሮና ምስር ግን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ለሁሉም እኩል ይሠራል።

አክስት፦ ውጭ ያለችው ልጄ ደግሞ በስልክ ሌላ ታወራኛለች። «እማዬ፣ እንጀራውን ተዪ፣ ሥጋና ቅቤ ብቻ ብዪ፣ ኬቶ ነው፣ ትከሻለሽ» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

ጤና መኮንን፦ ልጅዎ ለእርስዎ ስለምታስብ ነው። እንጀራ የቀነሰ ሰው እንደሚከሳ እውነት ነው፤ ስብ የቀነሰም እኩል ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከስታንፎርድ የወጣ ጥናት 609 ወፍራም ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ እህልና ስኳር ቀነሱ። ከዓመት በኋላ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ እህል የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ትልቁ ነገር ሁለቱም ወገኖች ስኳርና ነጭ ዱቄት እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ መመከራቸው ነው። እህል የቀነሱት ትራይግሊሰራይዳቸው የተሻለ ወረደ፤ ስብ የቀነሱት ኤል ዲ ኤላቸው። እንግዲህ እህሉን በቅቤና በቁርጥ ቢተኩት የእርስዎ ኤል ዲ ኤል የት እንደሚደርስ ያስቡት። ሊቀንሱ ከፈለጉ ዳቦውን፣ ፓስታውንና ስኳሩን ይቀንሱ፤ ጤፍዎንና ሽሮዎን አይንኩ፣ መጠኑን ብቻ ይወስኑ።

አክስት፦ ስንት ኪሎ ልቀንስ? እንደ ልጅነቴ መሆን አልችልም።

ጤና መኮንን፦ ማንም አልጠየቀዎትም። ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢወርድ ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ትራይግሊሰራይዱም ይሻሻላል። 90 ኪሎ ከሆኑ ከአራት ኪሎ ተኩል እስከ ዘጠኝ ማለት ነው። ከሚዛኑ ይልቅ ወገብዎን ይለኩ፤ ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የሆድ ዕቃ ውስጥ ስብ ተከማችቷል ማለት ነው። ሰው «ተመችቶሻል» ሲልዎት ደስ አይበልዎት። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከከተማ ሴቶቻችን ከአምስቷ አንዷ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራት። የውፍረት ወረርሽኙ የሩቅ አገር መሆኑ ቀርቷል።

አክስት፦ ታዲያ ጠዋት ዳቦውን በምን ልተካ?

ጤና መኮንን፦ በገብስ ቅንጬ። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ በቀን 3 ግራም ያህል ሲገኝ ኤል ዲ ኤልን ይቀንሳል። ቅቤ ሳይሆን ጥቂት ኑግ ዘይት ጠብ ያድርጉበት። አንዳንድ ቀን ተልባ ይጠጡ፤ የተልባ ስብ ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ ሦስት ከሚባለው ወገን ነው። ሳይፈጭ ግን እንደገባ ይወጣል።

አክስት፦ ጨውስ?

ጤና መኮንን፦ እሱ አጭር ነው። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት አንድ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይበላ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ላይ ደግሞ ይደገማል። አንዱን ይተዉት።

አክስት፦ ለስላሳውን ለደንበኛ እንዴት ልከልክል?

ጤና መኮንን፦ አይከልክሉ፤ አምቦ ውሃ ያስቀድሙ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢቻል ከ25 ግራም አይለፍ ይላል። ጣዕም ያልተጨመረበት አምቦ ውሃ ስኳር የለውም፣ ጋዙም ከመሬት የመጣ ነው፤ እዚሁ አምቦ አጠገብ ሰንቀሌ ላይ ነው የሚታሸገው። የማዕድን ውሃ ስለሆነ ግን ሶዲየም አለው፤ ግፊት ያለበት ሰው ከልክ አያሳልፈው።

አክስት፦ እንግዲህ ስማኝ። ሽንኩርቱን እንደ እናቴ በደረቁ ማቁላላት ከነገ ይጀመራል። የጾሙን ሽሮና ምስር በኑግ እሠራዋለሁ፤ ዘይቱ ይቀንሳል፣ ዋጋው አይጨምርም። ቦምቦሊኖው ላይ ግን ቃል አልገባም፤ የልጆቹ ደመወዝ የሚወጣው ከእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የገብስ ቅንጬ ከጎኑ አቀርባለሁ፤ የፈለገ ይብላ። ጭኮውን ለገና አልተወውም፣ እንዳትቆጣኝ።

ጤና መኮንን፦ ለምን እቆጣለሁ? የገና ጭኮ ማንንም አልገደለም፤ የየቀኑ ነው የሚገድለው። አንድ ብቻ ልለምንዎት። ወረቀቱ ተስተካከለ ብለው የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት እንዳያቋርጡ። ምግብ መድኃኒቱን ያግዘዋል እንጂ ሐኪም ሳያይዎት አይተካውም። ያው የኢንስቲትዩቱ የ2015 ጥናት ከአዋቂዎቻችን 16 በመቶ የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል፤ አብዛኞቹ ሕክምና አልጀመሩም ነበር። ወጥ ቤት የሚሠሩትን ሴቶች፣ አሳላፊዎቹን፣ ጎረቤትዎን ይዘው ጤና ጣቢያ ይምጡና ግፊታቸውን ይለኩ። የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው።